ነጭ ጨርቅ ያሰርኩለት ሞተር

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ይህን የምናገረው ልመካበት ፈልጌ አይደለም፤ ለደረሰብኝ ሁሉ መነሻው እሱ ስለሆነ ነው። ናዝሬት ሳለን መኪናውን ከደጃችን አቁሞ ሞተር ሲከፍት አጠገቡ ቆሜ እያየሁ ስላደግኩ፣ የመኪና ዕውቀት እንደ መልክ በደም የሚተላለፍ መስሎኝ ነበር። ከእሱ የወረስኩት አፍንጫውን ብቻ መሆኑን ለማወቅ ጅጅጋ ድረስ መምጣት፣ የመጋረጃ ሱቅ መክፈትና ቱርቦ ያለው መኪና መግዛት ነበረብኝ።

ጅጅጋ የመጣነው ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ሲቀጠር ነው። እሱ የታሪክ መምህር ነው። መኪናን በተመለከተ ያለው አቋም የታወቀ ነው፤ ከተሳፋሪ ወንበር አያልፍም። እኔ የስፌት ማሽኔን ይዤ መጋረጃ መስፋት ጀመርኩ። እዚህ ከተማ መጋረጃ ጥሩ ሥራ ነው። ሰው ቤት ሲሠራ፣ ልጅ ሲድር፣ ከውጭ ዘመድ ሲመጣበት መጋረጃ ይቀይራል። መጋረጃው ሲቀየር ደግሞ የመጅሊሱ፣ የእንግዳ መቀበያው፣ ፍራሽና ትራስ አብሮ መቀየር አለበት። ኮሮና የገባ ጊዜ ሥራው ቀዝቅዞ የአፍ መሸፈኛ ስሰፋ ከረምኩ። ያ ሲያልፍ ሠርጉን አስተላልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ያገባ ይመስል ትዕዛዙ ከሐርተሼክም ከባቢሌም ይጎርፍ ጀመር። ጨርቅና ስፖንጅ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እያስጫንኩ መመላለስ ሲሰለቸኝ መኪና ገዛሁ። ያገለገለች፣ ከኋላ ሰፊ የሆነች፣ በናፍጣ የምትሄድ።

ሻጩ፣ «ቱርቦ አላት» አለኝ።

«እሱማ ግድ ነው» አልኩት። ቱርቦ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

በኋላ እንደተማርኩት ቱርቦ ቀንድ አውጣ የሚመስል ብረት ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል፤ እሱም አየር ስቦ፣ ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። አየሩ ከማጣሪያው ወደ ቱርቦው፣ ከቱርቦው ደግሞ ራዲያተር ወደሚመስለው ማቀዝቀዣ፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ የሚሄደው በወፋፍራም የጎማ ቱቦዎች ውስጥ ነው። በእነዚህ ቱቦዎች መሄድ ያለበት አየር ነው። ዘይት ቦታው እዚያ አይደለም።

አባቴ በስልክ የሰጠኝ ምክር አንድ ብቻ ነበር። «ጠዋት ዘይት ሳታዪ ሞተር እንዳታስነሺ።» እኔም ይህን እንደ ጸሎት ያዝኩት። መኪናዋ የምታድረው ከመንገዱ ወደ ግቢያችን በር በምታወጣው አጭር ዳገት ላይ ነው። በየጠዋቱ ኮፈኑን አነሳለሁ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ እመዛለሁ፣ በጨርቅ ጠርጌ እመልሰዋለሁ፣ እንደገና መዝዤ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ አየዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከፍ የማደርገው ጎረቤት እንዲያየኝም ጭምር ነው። በዚያ ሰፈር ሌላ ሴት ይህን ስታደርግ አላየሁም፤ ወንዶቹም ቢሆኑ መኪናቸውን የሚያስነሱት በቢስሚላህ እንጂ በመለኪያ አይደለም። ዘይቱ ሁልጊዜ ከሚገባው ትንሽ ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። ከወንበር ሥር ከማስቀምጠው ጀሪካን ትንሽ ጠብ አደርግለትና ኮፈኑን ድው አድርጌ እዘጋለሁ። ያቺ ድምፅ እንዴት ደስ ትለኝ እንደነበር።

አንድ ቀን ባቢሌ የአንድ ሱቅ መጋረጃ ሰቅለን እየተመለስን ነበር። ባለቤቴ ዕረፍት ላይ ስለነበር መሰላል ሊይዝልኝ አብሮኝ መጥቷል። የገዛውን የባቢሌ ለውዝ እየፈለፈለ በመስታወት ወደ ኋላ ሲያይ ቆየና፣

«ከኋላችን ጭስ አለ» አለ።

«የሌላ መኪና ነው።»

እንደገና በመስታወቱ አየ። «ከኋላችን ሌላ መኪና የለም።»

ዳር ይዤ ቆምኩና ኮፈኑን አነሳሁ። ከቱርቦው የሚወጣው ወፍራም ቱቦ መጋጠሚያው ላይ በዘይት ርሷል፤ አቧራ ለብሶ ጭቃ መስሏል። በጣቴ ነካሁት። አባቴ በጣቱ ነክቶ ያሸት ስለነበር እኔም አሸተትኩት። ምን ማሽተት እንዳለብኝ ግን አላውቅም።

«ምንድን ነው?» አለ ባለቤቴ።

«ዘይት ነው» አልኩት በጣም ካሰብኩበት በኋላ።

በማግስቱ ወደ መካኒክ ሄድኩ። መካኒኩ የጅጅጋ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በራሱ እጅግ የሚተማመን ሶማሌ። ቱቦውን ፈትቶ ጣቱን ወደ ውስጥ ከተተና ጥቁር ዘይት አውጥቶ አሳየኝ።

«አባዮ፣ ቱርቦው አልቋል» አለኝ። አባዮ እህቴ ማለት ነው። ክፉ ዜና ሲኖረው ነው የሚጠራኝ በዚህ ስም።

«እንዴት ያልቃል? እኔ እኮ በየቀኑ ዘይት አያለሁ። የሹፌር ልጅ ነኝ።»

«ዘይቱ ይጎድላል?»

«በየቀኑ ይጎድላል። በየቀኑ እሞላለሁ።»

«በቃ፣ የሚጠጣው ቱርቦው ነው። ሌላ እናስገባለን።»

እኔ ግን እሺ አላልኩም። ሱቄ ገበያ በሌለበት ሰዓት ስልኬ ላይ የመካኒክ ቪዲዮ ማየት ጀምሬ ነበር። በጣም የወደድኩት አንድ ህንዳዊ ነው። ቋንቋውን አንድም ቃል አልሰማም፤ እጁ ሲናገር ግን ይገባኛል፣ ወይም የገባኝ ይመስለኛል። ይህ ሰው ዘይት ባየ ቁጥር ጣቱን ወደ ቱርቦው ጠቁሞ ራሱን በእምቢታ ይነቀንቃል። «ቱርቦውን ቸኩላችሁ አትኰንኑ» የሚል መሰለኝ። «ቱርቦውን ጣሉት» እያለም ሊሆን ይችል ነበር።

ያኔ ነው ያን ሐሳብ ያመጣሁት። እስከ ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ነበር እላለሁ። ቱቦዎቹን በሙሉ በናፍጣ በነከርኩት ጨርቅ ጠርጌ አደረቅኩ። ከዚያ ከተረፈኝ ስስ ነጭ የመጋረጃ ጨርቅ ቀጫጭን ቅዳጆች ቆርጬ በየመጋጠሚያው ጠምጥሜ አሰርኩ። ከማጣሪያው መውጫ ላይ አንድ፣ ከሞተሩ ራስ የምትመጣ ቀጭን ቱቦ ወፍራሙን ቱቦ የምትገናኝበት ላይ አንድ፣ ከቱርቦው በፊት፣ ከቱርቦው በኋላ፣ ማቀዝቀዣው መግቢያና መውጫ ላይ። ጥቂት ነድቼ ስከፍተው በጣም የረጠበው ጨርቅ የዘይቱን መነሻ ይነግረኛል። ቋጠሮው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተጠንቅቄ ነበር። ልማድ ነው፤ መጋረጃ ሰፊ ሲያስር ያሳምራል።

ባለቤቴ አይቶ፣ «ለሞተሩ ሻሽ አሰርሽለት?» አለኝ።

«ምርመራ ነው።»

«እግዜር ይማረው» ብሎ ወደ ቤት ገባ።

የምርመራው ጉዞ እንደገና ወደ ባቢሌ ሆነ፤ የተረፈ ትራስ ማድረስ ነበረብኝ። ስመለስ ኬላ ላይ አስቆሙኝ። ፈታሹ ከኋላ ያለውን ጨርቅ አየ፣ ደረሰኜን አየ፣ ከዚያ፣

«ኮፈኑን ክፈቺ» አለኝ።

ከፈትኩ። ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ብዙ ሊባል የሚችል ነገር ነበር። ከአፌ የወጣው ግን እውነቱ ነው። «መጋረጃ ነው።»

«መጋረጃ ሞተር ውስጥ ደብቀሽ ታሳልፊያለሽ?»

«አልደበቅኩም። ቅዳጅ ነው፤ እየው።»

አለቃውን ጠራ። አለቃው ሆዱ ገፋ ያለ፣ ረጋ ያለ ሰውዬ ነው። ነጫጮቹን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ አየና፣ «ቆስሎ ነው?» አለኝ። ዘይት እንደሚያፈስ፣ መነሻውን ለማወቅ እንዳሰርኩት ነገርኩት። እሱም ቱርቦ ያላት መኪና እንዳለችው፣ እሷንም ዘይት እንደሚያልባት አጫወተኝ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበና ሁለታችን ሞተሩ ላይ ጎንበስ አልን።

«ከቱርቦው በኋላ ያለው ረጥቧል» አለ።

«ማቀዝቀዣው መግቢያም ረጥቧል።»

«ቆይ፣ ይሄኛው ነው የባሰው። ይሄ ከቱርቦው በፊት አይደለም እንዴ?»

ልክ ነበር። ከሁሉም የባሰው ቀጭኗ ቱቦ ከወፍራሙ ቱቦ ጋር የምትገናኝበት ቦታ ላይ ያለው ጨርቅ ነው። ነጭነቱ ጠፍቶ ዘይት ይንጠባጠብበት ነበር። ዘይቱ የሚገባው ቱርቦው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው ማለት ነው፤ ቱርቦው የመጣለትን ተቀብሎ ማሳለፍ ብቻ ነው ሥራው። ደስታዬ ወሰን አጣ። ከኋላችን የቆሙት መኪኖች ጥሩንባ ሲነፉ ነው ኬላ ላይ መሆናችን ትዝ ያለን።

በቀጥታ ወደ መካኒኩ ሄድኩ። የረጠበችውን ጨርቅ ፊቱ ዘረጋሁና እንደ ጠበቃ ተከራከርኩለት። ጨርቋን አየ፣ ቱርቦውን ከፈተ፣ የመሃሉን ዘንግ በጣቶቹ ይዞ ወዘወዘው። ዘንጉ አልላላም።

«እውነትሽን ነው። ቱርቦው ደኅና ነው» አለ።

በሕይወቴ እንዲህ የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው። ሻሂ በወተት አስመጣልኝ። እኔም እግሬን አነባብሬ እጠጣ ጀመር።

መካኒኩ ግን ሐሳቡን አልጨረሰም ነበር። «ይህቺ ቀጭን ቱቦ የሞተሩ መተንፈሻ ናት» አለኝ። ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ትንፋሽ በእሷ በኩል ወጥቶ ተመልሶ ከሚገባው አየር ጋር ይቀላቀላል። ቱቦዋን ነቀላት፣ ቀዳዳውን ደፈነ፣ ጫፏን ባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከተተና ከተማውን ዞሬ እንድመጣ ነገረኝ። ዞሬ መጣሁ። ጠርሙሱ ትንፋሽ ብቻ ሊኖርበት ሲገባ ከታች ጥሩ አድርጎ ዘይት ይዞ ነበር። መካኒኩ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳው፤ ልክ እኔ በየጠዋቱ መለኪያውን እንደማነሳው።

«አባዮ» አለኝ። ስሙን ስሰማ ገባኝ። «ሞተሩ ራሱ ነው። የፒስተኑ ፋሻ፣ ዘይቱን የሚያግደው ቀለበት፣ ተበልቷል። ሞተር ማውረድ ነው።»

ቱርቦውን ነፃ አወጣለሁ ብዬ ሞተሩን በሙሉ አስፈረድኩበት። አፌን ዘግቼ በመጀመሪያው ቀን ቱርቦውን ባስቀይር ኖሮ ይሻለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ሻሂውን አልጨረስኩትም።

ማታ ባለቤቴ፣ «በሽተኛው እንዴት ዋለ?» ሲለኝ፣ «እየተሻለው ነው» አልኩት።

ሞተሩን ለማውረድ ከመስጠቴ በፊት የማልሰርዘው ቀጠሮ ነበረኝ። ሐርተሼክ አንዲት እናት ልጃቸውን ሊድሩ የሙሉ ቤት መጋረጃ አዝዘውኛል፤ ሠርጉ ደርሷል። ቀስ ብዬ እየነዳሁ፣ ሰማያዊ ጭሴን ከኋላዬ እያስከተልኩ ደረስኩ። ሐርተሼክ ሜዳ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ የሌለው፣ ሰፊ ሜዳ። መኪናዋን ግቢያቸው ውስጥ አቆምኩና ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ስሰቅል ዋልኩ። ዐሥር ሰዓት ሲሰገድ ጨረስኩ። እናትየው በየክፍሉ ዞረው አዩና ወደዱት።

ልነሳ ስል የአባቴ ትእዛዝ ትዝ አለኝ። ከዚያ በፊት ዘይት የማየው ቤቴ ደጃፍ፣ ጠዋት ብቻ ነበር። ሞተሩ ግን ውሎ ቀዝቅዟልና ያው ጠዋት ነው ብዬ ኮፈኑን አነሳሁ። መለኪያውን መዘዝኩ። ጠረግኩ፣ ከተትኩ፣ እንደገና መዘዝኩ።

ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል። ጥቂት አይደለም ያለፈው፤ ዘንጉን ይዞ ወደ ላይ ወጥቷል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ተአምር ነው የሚል ነበር። ቀጥሎ ናፍጣ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩና አሸተትኩት። አሁን ምን እንደማሸት አውቅ ነበር፤ ናፍጣ ናፍጣ አይልም። ደጋግሜ ጠርጌ አየሁ። ያው ነው። እናትየው በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ምን ጎደለ?» አሉኝ።

«ምንም አልጎደለም ኤዶ። በዝቷል።» ኤዶ አክስቴ እንደማለት ነው፤ ትልቅ ሴት የሚጠራበት።

«ታዲያ አልሐምዱሊላህ በይ። ሰው የሚያዝነው ሲጎድል ነው።»

አባቴ ጋ ደወልኩ። ከጭሱ ጀምሬ እስከ ጠርሙሱ ድረስ ዘረዘርኩለት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ዘይቱን የምታዪው የት ቆማ ነው?»

«ደጃፌ።»

«ደጃፍሽ ሜዳ ነው?»

ከግቢው ወዲያ ያለውን ሜዳ አየሁ። መልሱ እየመጣልኝ ነበር። መኪናዋ ዳገቱ ላይ አፍንጫዋን ሰቅላ ስትቆም ዘይቱ ከመለኪያው ይሸሻል፤ ያልጎደለ የጎደለ ይመስላል። እኔ በየጠዋቱ ሞላሁለት። የበዛው ዘይት ሞተሩ ውስጥ በሚሽከረከረው ዘንግ እየተመታ በመተንፈሻው ይወጣል፣ ወደ ቱቦዎቹ ይገባል፣ ይጨሳል። ጭሱንና እርጥበቱን ሳይ ደግሞ ዘይት እያፈሰሰች ነው ብዬ ይበልጥ ጨመርኩላት። ስትተፋ ሞላሁ፤ ስሞላ ተፋች። ያ ሁሉ ቋጠሮ፣ ያ ሁሉ ጠርሙስ ሲፈልግ የከረመው ጥፋተኛ እኔ ነበርኩ።

በስልኩ ወዲያ በኩል አባቴ እስኪያስለው ድረስ ይስቃል።

«ለምን ሜዳ ላይ እይ አላልከኝም አባዬ?» አልኩት።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ መኪናዬን ናዝሬት ሜዳ ላይ ነው ያቆምኩት። ዳገት የት አውቄ!» ደግሞ ሳቀና ድምፁን አስተካከለ። «ስሚኝ፣ እንዲሁ እንዳትነጂያት። የበዛው ዘይት በቱቦው አብዝቶ ከገባ ሞተሩ ያን እያቃጠለ በራሱ ፍጥነት ይነሳል፤ ቁልፍ ብትነቅዪም አይጠፋልሽም። ቀንሺለትና ሂጂ።»

መቀነስ ማለት ከሥር ገብቶ ማፍሰሻውን መፍታት ነው። እናትየው የልብስ ሳፋቸውን አመጡልኝ፤ ልብሴ እንዳይበላሽ ደግሞ አሮጌ ሰፊ የቤት ቀሚሳቸውን አለበሱኝ። አበባ የሞላበት፣ ለእኔ ሦስት እጥፍ የሚሰፋ ቀሚስ ነው። በእሱ ተጠቅልዬ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ቡሎኑ ሲላላ ዘይቱ የጠበቅኩትን ያህል በትዕግሥት አልመጣም፤ በእጅጌዬ ገብቶ ክርኔ ድረስ ወረደ። በሁለት እጄ ታግዬ መለስኩት፣ ወጣሁ፣ ለካሁ፣ እንደገና ገባሁ። ለሠርጉ ቤት የመጡ ሴቶች መጋረጃውን ሊያዩ ገብተው ነበር፤ ከመጋረጃው ይልቅ እኔን ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ ዘይቱ ከምልክቶቹ መሃል ላይ ቆመ። እናትየው በሳፋው የተጠራቀመውን አይተው፣ «ይሄን ሁሉ ማን ጨመረበት?» ብለው ጠየቁኝ።

«የድሮው ባለቤት» አልኩ። የዋሸሁት እሳቸውን ላለማሳዘን አይደለም።

መካኒኩን ግን መዋሸት አልቻልኩም፤ ሞተር ሊያወርድ መሣሪያውን አዘጋጅቶ ጠብቆኛል። ሁሉን ነገርኩት። የተተኮሰውን ሸሚዙን እያስተካከለ ሰማኝ። ቁጣዬን ወደ እሱ አዞርኩ።

«አንተስ ብትሆን? መካኒክ አይደለህ? መለኪያውን አንዴ እንኳ ለምን አልመዘዝክም?»

«በየቀኑ አያለሁ አልሽኝ። ደግሞ የሹፌር ልጅ ነኝ አልሽኝ። በሹፌር ልጅ ላይ መለኪያ ልምዘዝ?»

ሁለታችንም ጥፋቱን ተካፈልን። እሱ ትንሹን፣ እኔ ትልቁን ድርሻ።

ማቀዝቀዣውን አውርዶ ሲገለብጠው የተጠራቀመው ዘይት እየተንዠቀዠቀ ወጣ። በቤንዚን አጠበው፣ ቱቦዎቹን ጠረገ፣ መተንፈሻዋን ወደ ቦታዋ መለሰ። ጭሱ ወዲያው አልጠፋም፤ ጥቂት ቀን እየቀነሰ ሄዶ አንድ ቀን መስታወቱ ንጹሕ ሆነ። መጋጠሚያዎቹ ላይ አሁንም ስስ እርጥበት አያለሁ። መካኒኩ፣ «ቱርቦ ያላት ሁሉ ትንሽ ያልባታል፤ ተያት» ብሎኛል። ትቻታለሁ።

ባለቤቴ ታሪኩን የሰማው ዘግይቶ፣ ራት ላይ ነው። ማንኪያውን አስቀምጦ ብዙ አሰበ። «ያልጎደለ እየሞሉ የወደቁ መንግሥታት አሉ» አለና ራቱን ቀጠለ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ትምህርት የወሰድኩ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ወር ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ ጎረቤቴ ሚኒባሱን አቁሞ ኮፈን ከፍቶ ይቆዝማል፤ ጭሱ እኔ ጋ ድረስ ይመጣል። መቀሴን እንደያዝኩ ተሻገርኩ። ሞተሩን ሳላየው፣ «ዘይት በዝቶበት ነው። ይሄን በሽታ አውቀዋለሁ። ቀንስለት» አልኩት።

ጎረቤቴ መለኪያውን መዘዘና አሳየኝ። መኪናው ሜዳ ላይ ነው የቆመው። ጫፉ ላይ እንኳ ዘይት አልነበረም፤ ደርቋል።

«ቱርቦ አለው?» አልኩት።

«የለውም።»

«ለዚያ ነው» ብዬ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።